ስለ ጐንደር አደባባይ

ዓጤ ፋሲለደስ በ1628 ዓ.ም. ጐንደርን ከቆረቈሩ ወዲህ የከተማዪቱ ልብ በግንቡ ፊት ያለው አደባባይ ነበር፤ በጃን ተከል ዋርካ ዘንድ ሕዝብ ይሰበሰብ፥ ዐዋጅም ይነገር ነበር።

ነገር ግን በ1859 ዓ.ም. ዓጤ ቴዎድሮስ ከተማዪቱን ዘርፈው አቃጠሉ፤ በ1880 ዓ.ም. ደግሞ ድርቡሽ ገብቶ አብያተ ክርስቲያናቱን በእሳት አጠፋ። ከተረፉት ጥቂቶች አንዱ ደብረ ብርሃን ሥላሴ ነው። ግንቡ ቆሞ ቀረ፤ ሰዉ ግን ስለ ተበተነ አደባባዩ ጭር አለ።

ጣልያን በ1928 ዓ.ም. ከያዛት በኋላ ከግንቡ በስተ ሰሜን ፖስታ ቤትና ሲኒማ ያለበትን አዲስ መካከል ሠራ፤ ስሙም እስከ ዛሬ ፒያሳ ነው። የተሠራው ለገዥው ነበር፤ ይሁን እንጂ ገዥው በኅዳር 1934 ዓ.ም. ድል በሆነ ጊዜ የአገሬው ሰው ሱቅ ከፍቶ፥ ቡና አፍልቶ የራሱ አደረገው። ግንቦቹም በ1972 ዓ.ም. በዓለም ቅርስ መዝገብ ተጻፉ።

እንግዲህ አንባቢ ሆይ፥ የከተማን መካከል እናድስ የሚሉ ሁሉ መንገዱን ቢያነጥፉ፥ ግድግዳውንም ቢጠግኑ መልካም ነው። ዳሩ ግን ጐንደር የደከመችው ግንቧ ሳይወድቅ ነው፤ የበረታችውም ሰው ተመልሶ ስለ ተቀመጠባት ነው። በዕድሳት ምክንያት ነባሩ ነጋዴና ጐረቤት ከመካከል ቢነሣ፥ እሳት ያደረገውን እኛ በገንዘባችን እናደርገዋለን። ስለዚህ መካሪዎቹ ከመሐንዲሱ ጋራ ባለ ሱቁንም አስቀድመው ይጠይቁ።