ቁራው ካሊያ
«ቲንክል»፣ የልጆች መጽሔት
ቦምቤይ (የዛሬዋ ሙምባይ)፣ ሕንድ፤ ከ1980 እ.ኤ.አ. ጀምሮ
ኅትመት በወረቀት ላይ
ደራሲ፦ ሉዊስ ፈርናንዴዝ፤ ሠዓሊ፦ ፕራዲፕ ሳቴ

የካሊያ ጉልበት ጆሮው ነው። ቀበሮው ቻማታካና አዞው ዱብ ዱብ ጥንቸሎቹን ኪቹንና ሚቹን እንዴት እንደሚበሉ ሲመካከሩ፣ ቁራው ይሰማል። ከዚያ በኋላ ወጥመዱ ባጠመዱት ላይ ይዞራል። ጥንቸሎቹ ይተርፋሉ፤ ሁለቱ አድመኞች ጦማቸውን ያድራሉ፤ በሌላ ዕትም ደግሞ አዲስ ተንኮል ይዘው ብቅ ይላሉ።

የመጽሔቱ መሥራች አናንት ፓይ ነው፤ ልጆች «አጎቴ ፓይ» ይሉት ነበር። በ1967 እ.ኤ.አ. «አማር ቺትራ ካታ» የተባለውን፣ የአማልክትንና የነገሥታትን ታሪክ በሥዕል የሚተርክ ተከታታይ መጽሐፍ የጀመረውም እርሱ ነው። «ቲንክል» ግን ለተራ ፍጥረት ቦታ ሰጠ።

ቁራን ጀግና ማድረግ ድንቅ ምርጫ ነው። በሕንድ ከተሞች ቁራ በየጣሪያው ስለሚታይ ማንም ልብ አይለውም፤ ሳይታወቅ ሁሉን ለመስማት ከእርሱ የተሻለ የለም። ሥሩም ጥልቅ ነው። በጥንታዊው የሳንስክሪት ተረት ስብስብ «ፓንቻታንትራ» ውስጥ፣ ጫጩቶቿን እባብ የበላባት ቁራ የወርቅ ሐብል ሰርቃ እባቡ ከሚኖርበት ጉድጓድ ትጥላለች፤ ሐብሉን ፍለጋ የመጡ ሰዎች እባቡን ይገድሉታል። ካሊያን የዚያች ቁራ ዘር አድርገን እናየዋለን፤ ብልሃቱ የእርሷ ነው። ጭካኔዋን ግን አልወረሰም፤ ቻማታካን ያሳፍረዋል እንጂ አያስገድለውም።