ንጉሥ ሳይሆኑ የንጉሥ ውል የፈረሙት ራስ ዓሊ



ንግግሬን በአንድ ፊርማ እጀምራለሁ (ዘመኑን የምጠቅሰው በአውሮፓ አቆጣጠር ነው)። ኖቬምበር 2 ቀን 1849 የደብረ ታቦሩ ገዥ ዳግማዊ ራስ ዓሊ ከእንግሊዙ ቆንስል ከዋልተር ፕላውደን ጋር የወዳጅነትና የንግድ ውል ተፈራረሙ። ውሉ የተጻፈው በሐበሻ ንጉሥ ስም ነው። ራስ ዓሊ ግን ንጉሥ አልነበሩም፤ ዘውዱን የጫኑት፣ ከስም በቀር ሥልጣን ያልነበራቸው ንጉሠ ነገሥት ጎንደር ተቀምጠው ነበር።

ነገሩ የማዕረግ ስሕተት ብቻ አይመስለኝም። የደብረ ታቦር መሥራች ራስ ጉግሣ በ1825 ከሞቱ በኋላ ልጆቻቸው ይማም፣ ማርዬና ዶሪ በስድስት ዓመት ውስጥ ተከታትለው አለፉ። በ1831 የየጁ መኳንንት መክረው ዓሊን፣ የጉግሣን የልጅ ልጅ፣ ገና በለጋ ዕድሜያቸው ለእንደራሴነት መረጧቸው። እናታቸው ወይዘሮ መነን ደግሞ ኋላ አፄ ዮሐንስ ሣልሳዊን አግብተው እቴጌ ተባሉ። የራሱ እንጀራ አባት ንጉሠ ነገሥት ሆኖ ሳለ አገር የሚገዛው ራሱ ነው፤ ይህን ለውጭ አገር ሰው ማስረዳት ቀላል አይደለም!

ሥልጣኑ የዘመድ ስምምነት እንደ ነበረ በግልጽ የታየው በ1842 እዚሁ ደብረ ታቦር ላይ ነው። አቡነ ሰላማ የደገፏቸው ደጃዝማች ውቤ ድል አደረጉ፤ ዓሊም ሸሹ። ውቤ በድል ደስታ ላይ ሳሉ ግን የዓሊ ዘመድ ብሩ አሊጋዝ ደርሶ ማረካቸው። ዓሊ በሌሉበት አሸነፉ ማለት ነው። ይህ ታሪክ ብዙ ጊዜ ለሣቅ ይነገራል፤ እኔ ግን የማየው ድሉ የማን እንደ ነበረ ነው። ውቤም ብዙ ሳይቆዩ ተለቀው ወደ ግዛታቸው ተመለሱ።

ዓሊን ሰነፍ ገዥ አድርገው የሚሥሏቸው አሉ። ፕላውደን ራሱ እንደ ጻፈው ግን፣ ውሉ ሲነበብላቸው ጉዳት የለውም፤ ነገር ግን በዐሥር ዓመት አንድ እንግሊዛዊ ነጋዴ እንኳ ወደዚህ አይመጣምና አይጠቅምም የሚል ሐሳብ ሰጥተዋል። ይህ የሰነፍ ሰው አስተያየት አይደለም።

የቋራውን ካሣ ኃይሉንም በለመዱት መንገድ ሊይዙት ሞከሩ፤ ልጃቸውን ተዋበችን ዳሩለት። ካሣ ግን ለዘመድ ስምምነት የሚገዛ ሰው አልነበረም። በ1847 እቴጌ መነንን ማረከ፤ በጁን 1853 ደግሞ ጎጃም ውስጥ አይሻል ላይ ዓሊን ራሳቸውን ድል አደረገ። ዓሊ ወደ የጁ ሸሹ። ካሣ በ1855 ቴዎድሮስ ተብለው ከነገሡ በኋላ ፕላውደን የቆንስልነቱን ጉዳይ ቢያነሣ፣ አዲሱ ንጉሠ ነገሥት አልተቀበሉትም።