ገጽና ፊደል በወለጋ፦ ከኦነሲሞስ መጽሐፍ እስከ ስልክ ስክሪን

ጽሑፍ ከሚያርፍበት ገጽ ስፋት ጋር መስማማት እንዳለበት ከብራና ጸሐፊዎች ዘመን ጀምሮ የታወቀ ነው። ጸሐፊው ብዕሩን ከማንሣቱ አስቀድሞ ብራናውን በወስፌ እየወጋ ያሰምር ስለ ነበር፣ የፊደሉ ቁመት በመስመሮቹ ርቀት ይወሰን ነበር። ገጹ በእጁ ላይ በመሆኑ ልኬቱ አንድ ጊዜ ተሠርቶ የሚያበቃ ነበር።

በኅትመትም ዘመን ይኸው ሥርዓት ቀጠለ። ኦነሲሞስ ነሲብ በአስቴር ጋኖ ረዳትነት ወደ ኦሮምኛ የመለሰው መጽሐፍ ቅዱስ እ.ኤ.አ. በ1899 በስዊስ አገር በቅድስት ክሪስኮና በግእዝ ፊደል ታተመ። ኦነሲሞስ በ1904 ወደ ወለጋ ተመልሶ በነቀምቴ ሲያስተምር ኖሮ በ1931 በዚያው አረፈ። ከእርሱ ዘንድ የተማረ ሰው መጽሐፉን የትም ይዞት ቢሄድ፣ የገጹ ስፋት ማተሚያ ቤቱ እንደ ወሰነው ይኖር ነበር።

የኮምፒዩተር ስክሪን ይህን እርግጠኛነት አፈረሰው። የግእዝ ፊደል ልክ ከመቶ ዓመት በኋላ፣ በ1999፣ በዩኒኮድ 3.0 ሲመዘገብ፣ ለኦሮምኛ ድምፅ ሲባል የተጨመረው «ዸ»ም አብሮ ገባ። ይሁን እንጂ ፊደሉ መመዝገቡ የገጹን ጥያቄ አልፈታም። ለሰፊ የጠረጴዛ ኮምፒዩተር በቋሚ ስፋት የተሠራ ገጽ በስልክ ሲከፈት፣ ወይ ጽሑፉ እጅግ ይደቅቃል፣ ወይም መስመሩ ከስክሪኑ ውጭ ይቀራል።

በጉቶ ጊዳና በነቀምቴ ደግሞ ጥያቄው እጥፍ ነው። በ1991 ኦሮምኛ በላቲን መሠረት ባለው በቁቤ እንዲጻፍ ከተወሰነ ወዲህ፣ ቁቤና የግእዝ ፊደል በአንድ ገጽ ላይ ይገናኛሉ። በቁቤ የሚጠብቀው ተነባቢና የሚረዝመው አናባቢ በድርብ ስለሚጻፉ፣ በግእዝ ፊደል አራት የሆነው «ነቀምቴ» ስምንት፣ ሦስት የሆነው «ወለጋ» ደግሞ ስምንት ፊደል ይሆናል። በአንጻሩ «ጠ»ን ከ«ጡ» የምትለየው ምልክት ትንሽ ስለሆነች፣ የግእዝ ፊደል ከልክ በላይ ሲደቅ ንባቡ ይታወካል። እንግዲህ አንደኛው ጽሑፍ ስፋት፣ ሁለተኛው መጠን ይሻል ማለት ነው።

መፍትሔው ደረጃ በደረጃ መጣ። ሃምፕተን ካትሊን በ2006 ሳስ የተባለውን የሲኤስኤስ ማሰናጃ አስተዋወቀ፤ ኢታን ማርኮት በ2010 ገጽ እንደ ስክሪኑ ስፋት የሚለዋወጥበትን ዘዴ በስም ለይቶ አቀረበ። በሳስ ሚክሲን ማለት ተደጋጋሚ የቅርፅ ትእዛዝን በአንድ ስም አስቀምጦ፣ ቁጥሩን ብቻ እየለዋወጡ መጥራት ነው። ለምሳሌ ፊደሉ በ320 ፒክሰል ስክሪን 16፣ በ1280 ደግሞ 20 ፒክሰል እንዲሆን ቢፈለግ፣ አራቱ ቁጥሮች ለሚክሲኑ ይሰጡታል። የ4 ፒክሰሉ ዕድገት ለ960 ይካፈላል፤ በዚህም መሠረት ስክሪኑ 800 ፒክሰል ሲሆን ፊደሉ 18 ላይ ያርፋል። ከ2020 ወዲህ ታዋቂዎቹ ማሰሻዎች ዝቅተኛውንና ከፍተኛውን ወሰን በአንድ ትእዛዝ ይቀበላሉ።

ከዚህ ላይ ሊዘነጋ የማይገባው ነገር ቀመሩ ፊደልን አይቶ የማይፈርድ መሆኑ ነው። ለላቲን ፊደል የተመረጠው ዝቅተኛ መጠን እንዳለ ለአማርኛ ከተሰጠ፣ ገጹ እየተለጠጠ የማይነበብ ይሆናል። ስለዚህ ሚክሲኑ ለእያንዳንዱ ቋንቋ የየራሱን ወሰን ሊቀበል ይገባል። ከዚህም በላይ መጠኑ በስክሪኑ ስፋት ላይ ብቻ ከተመሠረተ፣ ዓይኑ የደከመ አንባቢ ጽሑፉን ለማጉላት ሲሞክር አይታዘዝለትም፤ ከአንባቢው የፊደል ምርጫ ጋር የሚያድግ መለኪያም ሊጨመርበት ያስፈልጋል።

የብራናው ጸሐፊ ልኬቱን የሚወስነው ቆዳውን በዓይኑ አይቶ ነበር። የዛሬው ባለሙያ የአንባቢውን ስክሪን አያይም። የመሬት፣ የጤና ወይም የትምህርት ማስታወቂያ በስልኩ የሚጠብቅ የወለጋ ነዋሪ ግን በሁለቱም ቋንቋ እኩል ማንበብ መብቱ ነው። ስለሆነም ወሰኖቹን ከመጻፍ በፊት በሁለቱም ፊደላት፣ በትንሹ ስልክ ላይ አንብቦ መመዘን የሙያው ግዴታ ሊሆን ይገባል።