ሞርፊን ነበረ፤ የሚያዝዘው ጠፋ

ነገሩን ከመድኃኒቱ እንጀምረው። ሰርተርነር የሚባል ጀርመናዊ መድኃኒት ቀማሚ ሞርፊንን ከኦፒየም ለይቶ ያወጣው በ1800ዎቹ መጀመሪያ ላይ ነው። (ዘመኑን ሁሉ በፈረንጆቹ አቆጣጠር እንደጻፍን ከወዲሁ ይታወቅልን።) ኢንሱሊን፣ ፔኒሲሊን፣ የካንሰር መድኃኒቶች… እነዚህ ሁሉ ከመቶ ዓመት በላይ ቆይተው የመጡ ናቸው። ታዲያ ከባድ ሕመምን ጸጥ የሚያደርግ ርካሽ መድኃኒት በእጁ የያዘ ሙያ፣ በካንሰር የሚሞተውን ሰው እስከ ትናንት ድረስ እያስጮኸ የሸኘው ለምንድን ነው?

የእኛ መልስ አጭር ነው፤ አልተማረም። ማን ተማረ፣ ማን አስተማረ፣ የትምህርቱን ወጪስ ማን ሸፈነ የሚሉት ጥያቄዎች ከመድኃኒቱ ኬሚስትሪ በላይ ብዙ ነገር ያስረዱናል።

ጆን ቦኒካን ያየን እንደሆነ፣ ከሲሲሊ አጠገብ ባለች ትንሽ ደሴት ተወልዶ አሜሪካ ያደገ ሰው ነው። የሕክምና ትምህርቱን ወጪ የሸፈነው በነጻ ትግል እየተጋጠመ ነበር፤ ጭምብል አጥልቆ! (ከትግሉ የተረፈው ጉዳት ዕድሜ ልኩን ስላሠቃየው፣ ስለ ሕመም የሚያወራው ከመጽሐፍ ብቻ አልነበረም።) በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ዋሽንግተን ግዛት ባለው ማዲጋን የጦር ሆስፒታል የማደንዘዣ ክፍል ኃላፊ ሆኖ ሳለ፣ ሌሎች ሐኪሞች መላ ያጡላቸው ቁስለኞች ወደ እሱ ይላኩ ጀመር። የሕክምና መጻሕፍቱን ቢያገላብጥ፣ ከ14,000 በላይ ገጽ ውስጥ ስለ ሕመም የሚያወራው 17 ገጽ ተኩል ብቻ ሆኖ እንዳገኘው ይተረካል። የጎደለውን ራሱ ጻፈው። በ1953 የታተመው መጽሐፉ ለዘርፉ መነሻ ሆነ፤ ዓለም አቀፉ የሕመም ጥናት ማኅበርም በ1973 በእሱ መሪነት ተወለደ።

እዚህ ላይ ስለ ቋንቋችን አንድ ነገር ጣል እናድርግ። በአማርኛ በሽታውም ‘ሕመም’ ነው፣ የሚጠዘጥዘውም ‘ሕመም’ ነው። ስለዚህ በሽታው ከታከመ ሕመሙም የታከመ ይመስለናል። በሌላ በኩል ግን ውጋት፣ ቁርጥማት፣ ፍልጠት፣ ቁርጠት፣ ጥዝጣዜ እያልን ሕመምን በየዓይነቱ እንለያያለን። የሕመም ሕክምና ትምህርት የመጀመሪያው ክፍል ይኸው ነው፤ በሽተኛውን ይወጋሃል ወይስ ያቃጥልሃል ብሎ መጠየቅ። ከነርቭ የሚመጣው የሚያቃጥል ሕመም ሌላ ዓይነት መድኃኒት ይፈልጋልና።

ወደ ለንደን እንሻገር። ሲስሊ ሳውንደርስ በጦርነቱ ዘመን ነርስነት የተማረች፣ ጀርባዋ ሲታመም ሙያውን ትታ በሆስፒታል የማኅበራዊ ጉዳይ ሠራተኛ የሆነች ሴት ነበረች። በ1948 ዴቪድ ታዝማ የሚባል ከዋርሶ የመጣ አይሁዳዊ አስተናጋጅ በካንሰር ሲሞት አስታመመችው፤ እሱም አንድ ቀን ለምትሠራው ቤት 500 ፓውንድ ተናዘዘላት። በዚያው ሰሞን ቅዱስ ሉቃስ በተባለ የለንደን ቤት በፈቃደኝነት ስታገለግል፣ ነርሶቹ ሞርፊኑን በሰዓት ቆጥረው ሲሰጡ አየች። በአፍ የሚወሰድ ሞርፊን የሚሠራው ለአራት ሰዓት ያህል ነው። በሽተኛው እስኪጮኽ ከተጠበቀ ሕመሙ ቀድሞ ይደርሳል፤ ሰውየው ግድግዳው ላይ ያለውን ሰዓት እያየ ይለምናል፤ ሐኪሙም ‘ሱስ ይዞታል’ ይላል። ሕመሙ ሳይመለስ ከተሰጠው ግን ይተኛል፣ ይበላል፣ ከልጆቹ ጋር ያወራል። ልብ በሉ፤ ይህን እውቀት የያዙት ነርሶች ነበሩ፤ የሚሰማቸው ግን አልነበረም።

አብራው ትሠራ የነበረው ቀዶ ሐኪም ኖርማን ባሬት ሐኪም ካልሆነች ማንም እንደማይሰማት ነገራት። እሷም በ30ዎቹ ዕድሜዋ የሕክምና ትምህርት ገብታ በ1957 ተመረቀች። በ1967 ሴንት ክሪስቶፈር የተባለውን ሆስፒስ ከፈተች፤ ከአልጋዎቹ ጎን ለጎን ማስተማሪያና ምርምር ያለው ቤት ነበር። ትልቁ ብልሃቷ ይህ ይመስለናል። የሞንትሪያሉ ቀዶ ሐኪም ባልፎር ማውንት ከእሷ ተምሮ ሄዶ በ1975 የራሱን ክፍል ሲከፍት፣ ‘ሆስፒስ’ የሚለው ቃል በፈረንሳይኛ ተናጋሪዎቹ ዘንድ የድሆች መጠለያ ስለሚመስል ‘ፓሊየቲቭ ኬር’ የሚለውን ስም አወጣ። የዓለም ጤና ድርጅትም በ1986 የካንሰር ሕመም መመሪያውን አሳተመ፤ መድኃኒቱ በአፍ፣ በሰዓቱ፣ እንደ ሕመሙ ደረጃ ይሰጥ የሚል። መመሪያ ግን ወረቀት ነው።

ወረቀቱን ሥጋ ያለበሱት ካምፓላ ውስጥ ናቸው። አን ሜሪማን የምትባል፣ ቀደም ሲል መነኩሴ ሆና በናይጄሪያ ያገለገለች እንግሊዛዊት ሐኪም በ1993 ኡጋንዳ ገባች። ኤድስ ቤት እያጠፋ ነው፤ ካንሰሩም አለ። ከሲንጋፖር ይዛው የመጣችው ቀመር እጅግ ቀላል ነበር፤ የሞርፊን ዱቄት፣ ውኃ፣ እንዳይበላሽ የሚጠብቅ ነገርና ቀለም። ቀለሙ ጥንካሬውን ይለያል፤ ማንበብ የማይችል በሽተኛም አይሳሳትም። መድኃኒቱ በዚህ ተገኘ። ማዘዝ የሚችለው ግን ሐኪም ብቻ ነው፤ ሐኪሙ ያለው ከተማ፣ በሽተኛው ያለው ገጠር።

ኡጋንዳ ያደረገችው የሚገርም ነው። በ2004 ሕጓን አሻሽላ፣ የዘጠኝ ወር ልዩ ሥልጠና የወሰዱ ነርሶችና ክሊኒካል ኦፊሰሮች (ከእኛ ጤና መኮንኖች ጋር የሚቀራረቡ ናቸው) ሞርፊን እንዲያዝዙ ፈቀደች። ሳውንደርስ እንዲሰሟት ሐኪም መሆን ነበረባት፤ የኡጋንዳዋ ነርስ ግን ነርስ እንደሆነች ማዘዣ ወረቀቱን ጨበጠች። በነገራችን ላይ በ2003 አዲስ አበባ ላይ ሆስፒስ ኢትዮጵያን የመሠረተችውም ነርስ ናት፤ እኛው ሲስተር የምንላት።

አንዳንድ አንባቢዎቻችን ‘አሜሪካስ?’ እንደምትሉን እናውቃለን። ጥያቄው ተገቢ ነው፤ እዚያም ትምህርት ነበር። ፐርዱ ፋርማ ኦክሲኮንቲን የተባለውን ክኒን በ1996 ገበያ ላይ ካወጣ በኋላ እስከ 2002 አጋማሽ ድረስ ከ20,000 በላይ የሕመም ሕክምና ትምህርት መርሐ ግብሮችን በገንዘቡ እንደደገፈ የአሜሪካ መንግሥት ሒሳብ መርማሪ መሥሪያ ቤት ዘግቧል። ለሐኪሞች ሱስ ብርቅ ነው እየተባለ ሲጠቀስላቸው የኖረው ‘ማስረጃ’ በ1980 የወጣ የአምስት ዓረፍተ ነገር ደብዳቤ ነበር! እሱም የሚያወራው ሆስፒታል ተኝተው ስለታከሙ በሽተኞች እንጂ ክኒኑን ለወራት ቤታቸው ስለሚውጡ ሰዎች አልነበረም። ኩባንያው በ2007ም በ2020ም በፍርድ ቤት ጥፋቱን አመነ። ሕመምን አክሙ የሚለው ትምህርት ትክክል ነበር፤ አስተማሪው ግን ሻጩ ነበር። የሟቾቹ ዜና ደግሞ ሞርፊን አይተው ለማያውቁ አገሮች ባለሥልጣናት የተመቸ ሰበብ ሆነ።

ላንሴት የተባለው የሕክምና መጽሔት ያቋቋመው ኮሚሽን በ2017 ባወጣው ዘገባ፣ በዓለም ላይ በዓመት ከሚከፋፈለው 298.5 ቶን በሞርፊን የተሰላ ማስታገሻ ውስጥ ዝቅተኛ ገቢ ላላቸው አገሮች የሚደርሰው 0.1 ቶን ብቻ ነው። መቶ ኪሎ መሆኑ ነው፤ አንድ ኩንታል። የዓለምን ጉድለት ለመሙላት፣ መድኃኒቱ በዝቅተኛው ዋጋ ከተገዛ፣ በዓመት 145 ሚሊዮን ዶላር እንደሚበቃም ኮሚሽኑ አስልቷል።

የሕክምናና የነርሲንግ ተማሪ የሆናችሁ አንባቢዎቻችን፣ እስቲ እንደ ቦኒካ የመማሪያ መጻሕፍታችሁን አገላብጡና ስለ ሕመም ስንት ገጽ እንዳለ ቆጥራችሁ ንገሩን።