በውጭ አገር የሚኖሩ ዜጎች ጥሬ ገንዘብ ሲያወጡ የሚጠየቁትን የባንክ ክፍያ የሚቀንሱባቸው መንገዶች

በውጭ አገር ሠርተው የሚኖሩ ዜጎች ደመወዛቸውን በባንክ ሂሳብ ወይም በደመወዝ ካርድ መቀበላቸው በአብዛኞቹ አገሮች የተለመደ አሠራር ሆኗል። ጥሬ ገንዘብ በሚወጣበት ጊዜ የሚቆረጠው ክፍያ በአንድ ጊዜ ሲታይ አነስተኛ ቢመስልም፣ ሲደጋገም ለቤተሰብ ከሚላከውና ለቁጠባ ከሚውለው ገንዘብ ላይ የሚቀነስ ነው። ከዚህ በታች የቀረበው መረጃ ክፍያው በማን እንደሚጠየቅ፣ የትኛውን ማስቀረት እንደሚቻልና ችግር ሲያጋጥም ምን መደረግ እንዳለበት ያብራራል።

የክፍያ ዓይነቶች

አንድ ደንበኛ በኤቲኤም ገንዘብ ሲያወጣ የሚከተሉት ክፍያዎች በተናጠል ወይም በአንድነት ሊቆረጡበት ይችላሉ።

1. የራሱ ባንክ ክፍያ፦ ደንበኛው በሌላ ባንክ ኤቲኤም ሲጠቀም ካርዱን የሰጠው ባንክ የሚቆርጠው ነው።
2. የኤቲኤሙ ባለቤት ክፍያ፦ ማሽኑን የሚያስተዳድረው ባንክ ወይም ድርጅት የሚጠይቀው ነው።
3. የውጭ ምንዛሪ ክፍያ፦ በሂሳቡ ያለው ገንዘብና ከማሽኑ የሚወጣው ገንዘብ ሲለያዩ የሚታሰብ ሲሆን፣ ብዙ ጊዜ ከሚወጣው ገንዘብ ከ1 እስከ 3 በመቶ ይደርሳል።
4. የተመን ልዩነት፦ ማሽኑ ራሱ ገንዘቡን እንዲመነዝር ሲፈቀድለት በምንዛሪ ተመኑ ላይ የሚጨመር ነው።

የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ አብዛኛውን ጊዜ ቁርጥ ያለ መጠን ስላላቸው፣ ገንዘብ የሚወጣበትን ጊዜ ብዛት በመቀነስ ዝቅ ማድረግ ይቻላል። የኋለኞቹ ሁለቱ ግን ከገንዘቡ መጠን ጋር አብረው የሚያድጉ በመሆናቸው የሚቀንሱት ተስማሚ ካርድ በመምረጥና በማሽኑ ላይ ትክክለኛውን ምርጫ በመጫን ነው።

ለአብነት ያህል፣ በአሜሪካ የሚኖር አንድ ሰው በየሳምንቱ 60 ዶላር ከሌላ ባንክ ኤቲኤም ያወጣል እንበል። የራሱ ባንክ 2.50 ዶላር፣ የማሽኑ ባለቤት ደግሞ 3 ዶላር ቢቆርጡ በዓመት 286 ዶላር ይከፍላል። ያንኑ ገንዘብ በወር አንድ ጊዜ 260 ዶላር አድርጎ ቢያወጣ ዓመታዊ ክፍያው ወደ 66 ዶላር ይወርዳል። በራሱ ባንክ ኤቲኤም ቢጠቀም ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ ምንም አይከፍልም።

በሁሉም አገር የሚሠሩ ጥንቃቄዎች

• ማሽኑ ሂሳቡን በካርዱ አገር ገንዘብ ለማስላት ሲጠይቅ አለመቀበልና ምንጊዜም ማሽኑ ባለበት አገር ገንዘብ እንዲታሰብ መምረጥ ይገባል። ይህን ምንዛሪ አለመቀበል ገንዘብ ማውጣቱን አያቋርጠውም።
• በክሬዲት ካርድ ጥሬ ገንዘብ ከማውጣት መቆጠብ ያስፈልጋል። ይህ እንደ ብድር የሚቆጠር በመሆኑ ከተለየ ክፍያ በተጨማሪ ብዙውን ጊዜ ከወጣበት ዕለት ጀምሮ ወለድ ይታሰብበታል።
• ወደ አገር ቤት የሚላክ ገንዘብ አስቀድሞ በጥሬ እንዲወጣ አያስፈልግም። ባንኩ ወይም ሕጋዊው የገንዘብ አስተላላፊ በሞባይል መተግበሪያ በቀጥታ ከሂሳብ መላክ የሚፈቅድ ከሆነ የማውጫው ክፍያ ይቀራል። በሚላክበትም ጊዜ የአገልግሎት ክፍያውን ብቻ ሳይሆን የምንዛሪ ተመኑንም ማነጻጸር ተገቢ ነው።
• ሂሳብ ከመክፈት በፊት የባንኩን የክፍያ ዝርዝር መጠየቅ፣ በወር ስንት ጊዜ ያለ ክፍያ ማውጣት እንደሚፈቀድና ቀሪ ሂሳብ ማየት የሚያስከፍል መሆኑን ማረጋገጥ ያስፈልጋል።

በባህረ ሰላጤው አገሮች

የተባበሩት አረብ ኤምሬቶች እ.ኤ.አ. ከ2009፣ ሳዑዲ ዓረቢያ ደግሞ እ.ኤ.አ. ከ2013 ጀምሮ የደመወዝ ጥበቃ ሥርዓት ተግባራዊ አድርገዋል። በዚህ ሥርዓት ደመወዝ በባንክ ወይም በተፈቀደለት የክፍያ ተቋም በኩል ስለሚገባ የክፍያው ማስረጃ ይኖራል። የደመወዝ ካርድ የተሰጠው ሠራተኛ ካርዱ በየትኛው ኤቲኤም ያለ ክፍያ እንደሚሠራ ካርዱን ከሰጠው ተቋም መጠየቅ ይኖርበታል። በሳዑዲ ዓረቢያ የማዳ መለያ ያለበት የባንክ ካርድ ያላቸው ደንበኞች በአገሪቱ ውስጥ በሌላ ባንክ ኤቲኤም ሲያወጡ በአብዛኛው ክፍያ አይጠየቁም።

በተለይ በቤት ውስጥ ሥራ የተሰማሩ ዜጎች ካርዱና የምስጢር ቁጥሩ በራሳቸው እጅ መሆኑን ማረጋገጥ አለባቸው። ከቤት ለመውጣት ጊዜ የማያገኝ ሠራተኛ ካርዱን ከነምስጢር ቁጥሩ ለሌላ ሰው ቢሰጥ የሚደርስበት ጉዳት ከማንኛውም የማውጫ ክፍያ የከበደ ሊሆን ይችላል። ካርዱ በአሠሪ የተያዘበት ዜጋ ጉዳዩን በአቅራቢያው ለሚገኝ የኢትዮጵያ ኤምባሲ ወይም ቆንስላ ጽሕፈት ቤት ማሳወቅ ይችላል።

በአሜሪካ

በአሜሪካ ሕግ መሠረት የኤቲኤሙ ባለቤት የሚጠይቀውን ክፍያ ደንበኛው ከመስማማቱ በፊት የማሳወቅ ግዴታ አለበት፤ ደንበኛውም ሳይከፍል መተው ይችላል። በማሽኑ ላይ የሚታየው ክፍያ ግን የራሱን ባንክ ክፍያ እንደማያካትት መገንዘብ ያሻል። በርካታ ባንኮችና የቁጠባና ብድር ማኅበራት እንደ ኦልፖይንት ያሉ የጋራ የኤቲኤም መረቦች አባል ስለሆኑ፣ በባንኩ መተግበሪያ ላይ ከክፍያ ነጻ የሆነውን ማሽን መፈለግ ይቻላል። በብዙ ሱፐርማርኬቶችም ዕቃ ገዝተው በዴቢት ካርድ ሲከፍሉ ተጨማሪ ጥሬ ገንዘብ ከገንዘብ ተቀባዩ መውሰድ ይቻላል።

በአውሮፓ

በአውሮፓ ኅብረት በሕጋዊ መንገድ የሚኖር ማንኛውም ሰው፣ ጥገኝነት ጠያቂዎችን ጨምሮ፣ መሠረታዊ የባንክ ሂሳብ የመክፈት መብት አለው። በዩሮ ከሚጠቀም አገር ወደ ሌላው የሚጓዝ ደንበኛ በዩሮ ሲያወጣ፣ የራሱ ባንክ በአገር ውስጥ ለተመሳሳይ አገልግሎት ከሚጠይቀው በላይ ሊያስከፍለው አይችልም። ይሁን እንጂ የማሽኑ ባለቤት የራሱን ክፍያ ሊጠይቅ ይችላል። በእንግሊዝ አብዛኞቹ ኤቲኤሞች ነጻ ሲሆኑ የሚያስከፍሉት ክፍያቸውን አስቀድመው ያሳያሉ።

ወደ ኢትዮጵያ ሲመጡ

በውጭ አገር ባንክ የተሰጠ ካርድ በኢትዮጵያ ኤቲኤም ላይ የሚሰጠው ብር ነው። ማሽኑ በአንድ ጊዜ የሚሰጠው ገንዘብ ገደብ ስላለው በተደጋጋሚ ማውጣት ቁርጥ ክፍያዎችን ያበዛል። ስለሆነም ከጉዞ በፊት ባንኩ ለውጭ አገር አጠቃቀም የሚያስከፍለውን ማጣራት፣ እንዲሁም ለረዥም ቆይታ የሚያስፈልገውን ገንዘብ በሕጋዊ መንገድ አስቀድሞ በአገር ውስጥ ወዳለ ሂሳብ መላክ ይመከራል። የውጭ ምንዛሪ በጥሬ ይዞ የሚገባ መንገደኛ የጉምሩክ የማሳወቂያ ደንብን ማክበርና ገንዘቡን በባንክ ወይም ፈቃድ ባለው የምንዛሪ ቢሮ መንዝሮ ደረሰኝ መያዝ ይኖርበታል።

ያልተገባ ክፍያ ሲያጋጥም

ማሽኑ ገንዘቡን ሳይሰጥ ከሂሳብ ከቀነሰ ወይም ያልተገለጸ ክፍያ ከተቆረጠ፣ ደንበኛው ቀኑን፣ ሰዓቱን፣ የማሽኑን ቦታና ደረሰኙን ይዞ በቅድሚያ ካርዱን ለሰጠው ባንክ ማመልከት አለበት። ማሽኑ የሌላ ባንክ ቢሆንም አቤቱታው የሚቀርበው ለራሱ ባንክ ነው። በአሜሪካ ስህተቱ ያለበት የሂሳብ መግለጫ ከተላከበት ጊዜ አንስቶ በ60 ቀናት ውስጥ ማሳወቅ ያስፈልጋል። በተባበሩት አረብ ኤምሬቶች በባንኩ ምላሽ ያልረካ ደንበኛ ሰናዳክ ለተባለው የቅሬታ ሰሚ ተቋም፣ በሳዑዲ ዓረቢያ ደግሞ ለአገሪቱ ማዕከላዊ ባንክ ማመልከት ይችላል።

የባንኮች የክፍያ መጠን በየጊዜው የሚሻሻል በመሆኑ፣ ዜጎች የሂሳብ መግለጫቸውን በየወሩ በመመልከት የተቆረጠውን ክፍያ እንዲያረጋግጡ ይመከራል።