ጉግስና የማሳደድ ጥበብ

በአዲስ አበባ ሰሜን ምሥራቅ በሚገኘው በጃንሜዳ ፈረሰኞች ጉግስ ሲጫወቱ ኖረዋል። አንዱ ወገን ይሸሻል፤ ሌላው እያሳደደ ዘንግ ይወረውራል፤ ሸሺውም ፈረሱን ሳይገታ ዘወር ብሎ በጋሻው ይመክታል። በአሜሪካኖች ቤዝቦል ኳስ ወርዋሪው ወደ ሁለተኛው ቤዝ ሊሾልክ የሚያደባውን ሯጭ በዓይኑ እንደሚጠብቅ፣ የጉግስ አሳዳጅም ከጉልበቱ ይልቅ ጊዜውን መምረጥ አለበት፤ ቢቸኩል ጋሻ ያገኛል፤ ቢዘገይ ሸሺው ያመልጠዋል።

ይሁን እንጂ ነገሩ ጨዋታ ብቻ አልነበረም። የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. በዐድዋ የተሸነፈውን የኢጣልያ ጦር ካሳደዱት መካከል ዋነኞቹ ፈረሰኞች ነበሩ። ስለዚህ ጉግስ የጦር ትምህርት ቤት ባልነበረበት ዘመን የፈረሰኛው ትምህርት ቤት ነበር ለማለት ይቻላል። በቦሌ በኩል የነበረው ሜዳ ዛሬ በሕንፃ ተሞልቷል፤ ጃንሜዳን መጠበቅ እንግዲህ የታሪክ መዝገብን መጠበቅ ነው።