ከሰባት አሥርት ዓመታት ስደት የተገኘ ጥያቄ

እኛ እዚህ ጁባ ደህና ነን፤ ሙቀቱ ግን አይጣል ነው።

ሰሞኑን «እድራችን በየብሔሩ ይከፈል» የሚል ሐሳብ ተነስቷል። እኔ የታሪክ መምህር ስለሆንኩ በታሪክ ልመልስ።

ብዙዎቻችን የግሪክ ፍልስፍና በአቴንስ የተጀመረ ይመስለናል። መነሻው ግን ዛሬ ቱርክ በምንላት አገር ዳርቻ የነበረችው ሚሊጢን የተባለች የወደብ ከተማ ናት። ከክርስቶስ ልደት በፊት በ6ኛው ክፍለ ዘመን ታሌስ «የሁሉ ነገር መነሻ ውሃ ነው» አለ። ተማሪው ነበር የሚባለው አናክሲማንደር «ወሰን የሌለው ነገር ነው» ብሎ ሌላ መልስ ሰጠ። ቀጥሎ አናክሲሜኔስ መጣና «አየር ነው» አለ። ተማሪ መምህሩን በምክንያት መሞገት የቻለበት ይህ ልማድ ነው ፍልስፍናን ያሳደገው።

በ546 ዓመተ ዓለም ገደማ ግን ፋርሶች ያን የባሕር ዳርቻ ያዙ። ቆሎፎን የምትባል ከተማ ልጅ የነበረው ዜኖፋኔስ በዚያ ዘመን፣ በ25 ዓመቱ ገደማ፣ ተሰደደ። በሲሲሊና በደቡብ ኢጣሊያ እየዞረ ግጥም እያነበበ ኖረ። 67 ዓመት መንከራተቱን ራሱ በግጥሙ ቆጥሯል። «ዕድሜያችን በስደት አለቀ» የምትሉኝ ወንድሞችና እህቶች፣ ይህን ቁጥር ያዙልኝ።

ይህ ስደተኛ ስለ እኛም ተናግሯል። ኢትዮጵያውያን አማልክቶቻቸውን ጥቁርና ደፍጣጣ አፍንጫ ያላቸው አድርገው ያስባሉ፤ ትሬስ የሚባለው የሰሜን አገር ሰዎች ደግሞ ሰማያዊ ዓይንና ቀይ ጠጉር ይሰጧቸዋል፤ በሬም እጅ ቢኖረው አምላኩን በሬ አድርጎ ይስለው ነበር አለ። ሁሉም የራሱን መልክ የዓለም ልክ ያደርጋል ማለቱ ነው። እኔ እንደማስበው፣ ይህን ለማየት ከሰፈር መውጣትና የብዙ ሕዝብ እንግዳ መሆን ረድቶታል።

ደግሞም ያኔ ግሪኮች «ኢትዮጵያዊ» የሚሉት ከግብፅ በስተደቡብ ያለውን ጥቁር ሕዝብ በጅምላ ነበር፤ በተለይም በዓባይ ዳር የነበረውን የኩሽ ሰው። ያው ዓባይ፣ ነጩ፣ ዛሬ በጁባ በኩል ያልፋል። ከሩቅ ለሚያየን እኛም አስተናጋጆቻችንም አንድ ስም ነበረን።

እድሩ ሰው ሲሞትብን አብሮን የሚቀመጥ፣ ሬሳ ወደ አገር ለመላክ የሚያዋጣ ነው። ስለዚህ ለመከፋፈል እጃችንን ከማውጣታችን በፊት የዜኖፋኔስን ጥያቄ እንጠይቅ፦ ይህን የምንለው እውነት ስለሆነ ነው ወይስ የራሳችንን መልክ ስለሚመስል?

የተለየ ሐሳብ ያላችሁ ከሥር ጻፉልኝ፤ አናክሲማንደርም መምህሩን ሞግቷል። ቸር ያሰማን።